የቁጥር ምስክርነት
የዱቦይስ ገበታዎች በፓሪስ ዓውደ ርእይ

በኪነ ጥበብ ዙሪያ በሚደረግ ውይይት ቁጥር ብዙውን ጊዜ እንደ ባዕድ ይታያል። ሠዓሊው ቀለምን፣ ደራሲው ቃልን፣ ሙዚቀኛው ድምፅን የሥራው መሣሪያ ሲያደርግ፣ ቁጥር ለሒሳብ ሹሙና ለቆጠራ ሠራተኛው የተተወ ደረቅ ነገር ተደርጎ ይገመታል። ይሁን እንጂ በጭቁን ሕዝቦች የትግል ታሪክ ውስጥ ቁጥር ከመዝገብ ወጥቶ፣ በመስመርና በቀለም ተመስሎ አደባባይ የቆመባቸው ጊዜያት አሉ። በእነዚህ ጊዜያት ቁጥር ምስክር ሆኗል። ምስክሩን ማን እንዳቆመው፣ ለማን እንደ ተናገረ፣ ቃሉን የሰማው ዳኛ ማን እንደ ነበረ መመርመር የሒሳብ ሥራ ብቻ ሳይሆን የኪነ ጥበብ ሂስም ተግባር ነው።

ለዚህ ምርመራ ዓይነተኛ ምሳሌ የሚሆኑት በ1900 በፓሪስ ዓለም አቀፍ ዓውደ ርእይ የቀረቡት፣ የጥቁር አሜሪካውያንን ኑሮ የሚገልጹት የዊሊያም ኤድዋርድ በርክሃርት ዱቦይስ ገበታዎች ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቁጥራቸው ከ60 የሚበልጥ፣ በካርቶን ላይ በእጅ የተነደፉና በውሃ ቀለም የተቀቡ እነዚህ ገበታዎች በዋሺንግተን በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ተጠብቀው ይገኛሉ። በ2018 በአንድ መጽሐፍ ተሰብስበው ከታተሙ ወዲህ የሠዓሊያንንና የመምህራንን ትኩረት በሰፊው ስበዋል። አብዛኛው አድናቆት ግን በቀለማቸው ድፍረትና በቅርጻቸው አዲስነት ላይ ያረፈ ነው። ቅርጹ ከምን ይዘት እንደ ተወለደ፣ ይዘቱስ የታለመለትን ግብ መምታት አለመምታቱ በቂ ምርመራ ሳይደረግበት ይታለፋል።

የገበታዎቹን ፋይዳ ለመመዘን ከእነርሱ በፊት የነበረውን አንድ ታዋቂ ሥራ ማስታወስ ይጠቅማል። በ1788 በእንግሊዝ አገር በፕሊመዝ ከተማ የባሪያ ንግድ ተቃዋሚዎች «ብሩክስ» የተባለችውን የባሪያ መርከብ የውስጥ ንድፍ አሳትመው ነበር። በዓመቱ ለንደን ላይ ንድፉ ተሻሽሎና ሰፍቶ ታተመ። በወቅቱ የወጣው ሕግ መርከቧ 454 ሰዎችን እንድትጭን ይፈቅድላት ነበር፤ ከሕጉ በፊት ግን በአንድ ጉዞ 609 ሰዎችን ጭናለች። ንድፉ ሰዎቹ በመርከቧ ወለል ላይ እንደ ማገዶ እንጨት ጎን ለጎን ተደርድረው ያሳያል። ለተመልካቹ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ቁጥሩ በአንድ ጊዜ ወደ ዐይን ገብቶ ልብን ይወጋል። ብሪታንያ በ1807 የባሪያ ንግድን በሕግ እስክትከለክል ድረስ በተካሄደው ቅስቀሳ ይህ ሥዕል ከፍተኛ ድርሻ ነበረው።

ሆኖም የዚህ ሥዕል ሌላ ገጽታም አለ። ሰዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ፊት የላቸውም፤ ስም የላቸውም፤ ሁሉም ተጋድመዋል። የቆጠራቸው ሌላ ነው፤ የሣላቸው ሌላ ነው፤ ስለ እነርሱ የሚናገረውም ሌላ ነው። በዚህ ሥዕል ውስጥ አዛኙ ይናገራል፣ የታዘነለት ይተኛል። ርኅራኄን የሚቀሰቅስ ጥበብ ተጨቋኙን ከዕቃነት ሙሉ በሙሉ ሳያወጣው ሊያልፍ እንደሚችል «ብሩክስ» ራሷ ማስረጃ ናት። የዱቦይስ ሥራ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር መሠረታዊ ለውጥ የታየበት ነው፤ በዚህ ሥራ የተቆጠሩት ራሳቸው ቆጣሪ ሆነው ቀርበዋልና።

ዱቦይስ በ1868 በማሳቹሴትስ ተወለደ። በ1895 ከሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪ በማግኘት ከጥቁር አሜሪካውያን የመጀመሪያው ሆነ። ከ1897 ጀምሮም በአትላንታ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር ነበር። የዘር ጭቆና ዋናው ምክንያት ድንቁርና ነው፤ እውነቱ በጥናት ተጣርቶ ከቀረበ ጭቆናው ይሸሻል ብሎ በጽኑ ያምን ነበር። ይህ እምነቱ በ1899 በከባድ ፈተና ላይ ወደቀ። በዚያ ዓመት በሚያዝያ ወር ሳም ሆዝ የተባለ ጥቁር የእርሻ ሠራተኛ በጆርጂያ ግዛት ያለ ፍርድ በመንጋ ተገደለ። ዱቦይስ ድርጊቱን በማስረጃ የሚቃወም ደብዳቤ ይዞ ወደ አንድ ጋዜጣ ቢሮ ሲሄድ የሟቹ የጣት አንጓዎች በዚያው መንገድ ላይ በሚገኝ ሱቅ ለእይታ መቅረባቸውን ሰማና ከመንገድ ተመለሰ። ከአንድ ወር ያህል በኋላ ደግሞ ሕፃን ልጁ በዲፍቴሪያ ሞተበት። የፓሪሶቹ ገበታዎች የተሠሩት ከዚህ ሁሉ በኋላ ባሉት ጥቂት ወራት ነው። በመስመሮቻቸው ጸጥታ ተታልሎ የምቾት ሥራ የሚመስለው ተመልካች ቢኖር ይህን ሊያስታውስ ይገባል።

የጥቁር አሜሪካውያን ክፍል በዓውደ ርእዩ እንዲኖር የታገለው የሕግ ባለሙያው ቶማስ ካሎዌይ ሲሆን፣ የአሜሪካ ምክር ቤት ለዚሁ 15,000 ዶላር ፈቅዷል። ጥቁሮች ያገኟቸው የፈጠራ መብቶች ዝርዝር፣ በጥቁር ደራስያን የተጻፉ 200 ያህል መጻሕፍትና በመቶዎች የሚቆጠሩ ፎቶግራፎች ተሰብስበዋል። ገበታዎቹን ዱቦይስ ከተማሪዎቹና ከቀድሞ ተማሪዎቹ ጋር ሆኖ አዘጋጀ። ሥራው ሲጠናቀቅ ገንዘቡ ስላለቀበት ወደ ፓሪስ የተሻገረው በመርከብ የመጨረሻ ማዕረግ ተሳፍሮ ነው።

ከገበታዎቹ መካከል ይበልጥ የታወቀው በ1890 የጆርጂያ ጥቁሮች በከተማና በገጠር እንዴት ተከፋፍለው እንደሚኖሩ የሚያሳየው ነው። ከ10,000 ሕዝብ በላይ ባላቸው ከተሞች 78,139፣ ከ5,000 እስከ 10,000 ሕዝብ ባላቸው 8,025፣ ከ2,500 እስከ 5,000 ባላቸው 37,699 ጥቁሮች ይኖሩ ነበር። እነዚህን ሦስት ቁጥሮች አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ቢጫ መስመሮች ይወክላሉ። አራተኛው ቁጥር 734,952 ነው፤ የገጠሩ ሕዝብ። ይህን በዚያው መለኪያ ቀጥ አድርጎ ማስመር ካርቶኑ አይበቃውም። ስለዚህ ቀዩ መስመር እየተጠማዘዘ ወደ ውስጥ ይጠቀለላል፤ እንደ ተጠመጠመ እባብ የገበታውን መሐል ይሞላዋል።

ይህ ቅርጽ ለጌጥ የመጣ አይደለም። ከመቶ 85 በላይ የሆነው ሕዝብ በገጠር፣ በሌላ ሰው መሬት ላይ፣ በዕዳ ተጠምዶ በሚኖርበት ግዛት መውጫ ያጣው ቀይ ጥቅልል የኑሮውን ሁኔታ ራሱን ይመስላል። ቁጥሩ ከወረቀቱ ስፋት በላይ ሲሆን ቅርጹ ለቁጥሩ ተገዝቷል። ይዘት ቅርጽን ይወልዳል የሚለውን የሂስ መርሕ በዚህን ያህል ግልጽነት የሚያስረዳ ሥራ ብዙ አይገኝም።

ሁለተኛው ገበታ ከ1790 እስከ 1870 ድረስ በባርነትና በነጻነት የነበሩትን ጥቁሮች ድርሻ ያሳያል። ገበታው በሙሉ ማለት ይቻላል ጥቁር ነው። በአናቱ ላይ ብቻ ቀጭን አረንጓዴ ሰቅ አለች፤ ነጻ ጥቁሮች በ1790 ከመቶ 8፣ በ1830 ከመቶ 14፣ በ1860 እንደ ገና ከመቶ 11 ነበሩ። ሰባ ዓመት ሙሉ አረንጓዴዋ ከአንድ ጣት ውፍረት ብዙም አትጨምርም፤ ይባስ ብላ ወደ ኋላ ትመለሳለች። ከዚያ በ1870 እንደ ገደል በአንድ ጊዜ እስከ ታች ትወርዳለች፤ ከመቶ መቶ። በ1860ና በ1870 መካከል ያለው የእርስ በርስ ጦርነትና በ1865 የጸደቀው ባርነትን የሚሽር የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ነው። ነጻነት ቀስ በቀስ በራሱ ጊዜ ይመጣል የሚለውን አስተሳሰብ ይህ አረንጓዴ ገደል ያለ አንዳች የቃል ክርክር ያፈርሰዋል።

ታሪክን ከቁጥር ጋር በማዋሐድ ረገድ የላቀው ግን በጆርጂያ ከተሞች ጥቁሮች የነበራቸውን ንብረት ግምት የሚያሳየው ነው። መስመሩ ከ1870 ጀምሮ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ እንደ ገና ይወጣል፣ ከዚያም ይሰናከላል። የተለመደ የሒሳብ ገበታ ቢሆን ኖሮ በዚሁ ባበቃ ነበር። ዱቦይስ ግን በመስመሩ አጠገብ ምክንያቱን ጻፈበት፦ የኩ ክሉክስ ሽብር፣ የፖለቲካ ነውጥ፣ የአዲሱ ኢንዱስትሪ መነሣት፣ በመንጋ መግደል፣ የመምረጥ መብት መነጠቅ። በዚህም የሀብቱ መውደቅ ከባለሀብቱ ስንፍና እንዳልመጣ፣ አድራጊ እንዳለው ገበታው ይመሰክራል። ምክንያት ያልተጻፈበት ቁጥር ለጠላትም ለወዳጅም እኩል ያገለግላል፤ የጥቁሮች ሀብት ማነስ የጥቁሮች ጉድለት ማስረጃ ሆኖ ይቀርብ የነበረው በዚሁ መንገድ ነበር። ተረት ነገሩን በቅደም ተከተል ያስቀምጣል፤ ቁጥር ደግሞ ልኩን ይናገራል። ሁለቱ በአንድ ገጽ ሲገናኙ ክስ ይሆናሉ።

አራተኛው ገበታ የአትላንታን 150 ቤተሰቦች ገቢና ወጪ ይተነትናል። የዝቅተኛዎቹ አማካይ የዓመት ገቢ 139 ዶላር ከ10 ሳንቲም ነው። ከዚህ ውስጥ ለቤት ኪራይ ከመቶ 19፣ ለምግብ 43፣ ለልብስ 28፣ ለግብር 9.9 ይወጣል። ለሌላ ነገር ሁሉ፣ ለሕክምናም ሆነ ለቁጠባ፣ ከመቶ አንድ አሥረኛ ብቻ ይቀራል። በካርቶኑ ላይ ይህች ቅሪት ከክር የማትወፍር መስመር ናት። በዓመት ከ1,000 ዶላር በላይ በሚያገኙት ቤተሰቦች መደብ ግን ይኸው ክፍል ከግማሽ በላይ ይሆናል። በአንድ ሕዝብ ውስጥ ያለውን የመደብ ልዩነት ሳይሸሽግ ያቀረበ በመሆኑ ይህ ገበታ ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ ሐቀኛ ነው። በላዩ ላይ የቤተሰብ ፎቶግራፎች ተለጥፈዋል፤ ከቁጥሩ በስተጀርባ ሰው እንዳለ እንዳይረሳ።

ዱቦይስ አድማጩን ያውቅ ነበር። የጥቁር አሜሪካውያንን መሃይምነት ከአውሮፓ አገሮች ጋር ባነጻጸረበት ገበታ ላይ የእነርሱ ቀይ መስመር ከሩማንያ፣ ከሰርቢያና ከሩሲያ አጥሮ ይታያል። አውሮፓዊው ጎብኚ ባዕድ ሕዝብ ሊያይ መጥቶ የራሱን ጎረቤት፣ አንዳንዴም ራሱን ያገኛል። መግለጫው በፈረንሳይኛም የተጻፈው ለዚህ ነው። የጆርጂያን መሃይምነት በሚያሳየው ገበታ ደግሞ ቁጥሩ ከ1860ው ከመቶ 99 ተነሥቶ በ1890 ወደ 67.27 ሲወርድ ይታያል። የ1900 ቆጠራ ገና አልተጠናቀቀም ነበርና 50 ከሚለው አጠገብ የጥያቄ ምልክት ተደርጓል። ጉዳዩን በሚጠቅመው ቦታ ላይ እንኳ የማያውቀውን እንደሚያውቅ አልተናገረም። ይህች ትንሽ ምልክት የሌሎቹን ቁጥሮች ሁሉ ታማኝነት ትጠብቃለች።

እስከዚህ ያለው የሥራው ጥንካሬ ነው። ድክመቶቹም ግን ሊሸሸጉ አይገባም። የመጀመሪያው የቅርጽ ነው። የቤትና የማድ ቤት ዕቃ ግምትን የሚያሳየው ገበታ ስድስት ዓመታትን በተጠቀለሉ ቀለበቶች ያቀርባል፤ ነገር ግን የውስጡና የውጪው ቀለበት ዙሪያ እኩል ስላልሆነ ዐይን ርዝመታቸውን በትክክል ማነጻጸር አይችልም። በከተማና ገጠሩ ገበታ ትርጉም የነበረው ጥቅልል እዚህ ላይ ወደ ውበት ብቻ ያዘነብላል። ያለ ይዘት የተደጋገመ ቅርጽ ወደ ጌጥ እንደሚወርድ ይህ ገበታ ያሳያል።

ሁለተኛው ይበልጥ ከባድ ነው። የዕቃው ግምት በ1875 ከነበረበት 21,186 ዶላር በ1899 ወደ 1,434,975 ዶላር ማደጉ ተመልካቹን ያስደንቃል። ይሁን እንጂ የ1890ው ግምት 1,173,624 ዶላር በዚያ ዓመት ለነበሩት 858,815 የጆርጂያ ጥቁሮች ቢካፈል ለአንድ ሰው የሚደርሰው አንድ ዶላር ከ37 ሳንቲም ገደማ ነው። «ሺ ቢታለብ ያው በገሌ አለች ድመት» እንደሚባለው፣ ጥቅል ድምሩ የእያንዳንዱን ገል አይሞላም። ገበታው ግን ስለ ገሉ ዝም ይላል። በአልበሞቹ ፎቶግራፎችም የሚበዙት ጥሩ የለበሱ፣ የተማሩ፣ ቤት ያላቸው ሰዎች ናቸው። ጥጥ ለቃሚው ገበሬ በቀዩ ጥቅልል ውስጥ በቁጥር ቢኖርም ፊቱ በበቂ አይታይም። እርግጥ ነው፣ በዚያ ዘመን ጥቁርን ከሰው በታች አድርጎ የሚሥል የፌዝ ሥዕል በየጋዜጣው ሞልቶ ነበር፤ ክብርን ማሳየት ራሱ ትግል ነበር። ሆኖም ለባለጋራ ክብርን ለማስመስከር ሲባል የድሀው ድርሻ ሲያንስ ምስክርነቱ ይጎድላል።

ሦስተኛው ጥያቄ ስለ ዳኛው ነው። በዓውደ ርእዩ የዱቦይስ ሥራ የወርቅ ሜዳልያ ተሸለመ፤ ክፍሉም ከፍተኛውን ሽልማት አገኘ። ገበታዎቹ በ1901 በቡፋሎ ከተማ ከታዩ በኋላ ግን ወደ መዝገብ ቤት ገቡ። በጆርጂያ አንድ ሕግ አልለወጡም፤ እንዲያውም በ1908 ግዛቱ ጥቁሮችን ከመምረጥ የሚያግድ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ አጸደቀ። በዚያው በ1900 ሐምሌ ወር ዱቦይስ በለንደን በተካሄደው የመጀመሪያው የፓን አፍሪካ ጉባኤ ላይ ለዓለም መንግሥታት የቀረበውን መልእክት ባረቀቀው ኮሚቴ ውስጥ ዋናው ነበር። መልእክቱ የአቢሲኒያ፣ የላይቤሪያና የሄይቲ ነጻነት እንዲከበር ይጠይቅ ነበር። የኢትዮጵያ ነጻነት ግን ከአራት ዓመት በፊት በ1896 በዓድዋ የተረጋገጠው በአቤቱታ እንዳልሆነ ዓለም ያውቅ ነበር። ገበታዎቹም ሆኑ መልእክቱ ለባለሥልጣን ኅሊና የቀረቡ ምስክርነቶች ናቸው፤ ዳኛው ግን ራሱ ከተከሳሾቹ ወገን ነበር።

ይህን ዱቦይስ ራሱ ቀስ በቀስ ተረዳው። በ1910 አትላንታን ለቆ በኒው ዮርክ በአዲሱ የጥቁሮች መብት ማኅበር ውስጥ «ክራይሲስ» የተባለውን መጽሔት ማዘጋጀት ጀመረ። ቁጥርን አልተወም፤ የሚያስረክብበትን እጅ ለወጠ እንጂ። ማኅበሩ በ1919 ባሳተመው መዝገብ ከ1889 እስከ 1918 ድረስ 3,224 ሰዎች በመንጋ መገደላቸውን በዝርዝር አሳየ። በ1922 በአንድ ታላቅ ጋዜጣ ሙሉ ገጽ ገዝቶ እስከዚያ ዓመት ድረስ የደረሰውን 3,436 የሚል ቁጥር አስነበበ። ከ1920 ዓመታት እስከ 1938 ደግሞ በመንጋ የተገደለ ሰው ወሬ በደረሰ ቁጥር በጽሕፈት ቤቱ መስኮት ላይ፣ በኒው ዮርክ አምስተኛ ጎዳና አናት፣ ትናንት አንድ ሰው መገደሉን የሚያስታውቅ ጥቁር ሰንደቅ ይሰቅል ነበር።

ከፓሪሱ ካርቶን ወደዚህ ሰንደቅ የተደረገው ጉዞ ለሂስ ታላቅ ትምህርት አለው። ሰንደቁ ቀለምም ጥቅልልም የለውም፤ የሚያሳየው ቁጥር አንድ ነው። ነገር ግን በሺህ የሚቆጠረው መዝገብ ከኋላው ስለቆመ አንዱ ሰው ብቻውን አይደለም፤ አንዱ ሰው ከፊቱ ስለቆመም መዝገቡ ደረቅ አይደለም። ከሁሉ በላይ የሚታየው በሙዚየም ሳይሆን በመንገድ ላይ፣ ለሜዳልያ ሰጪ ሳይሆን ለአላፊ አግዳሚ ነው።

ቢሆንም ድሉ ፈጥኖ አልመጣም። በመንጋ መግደልን በፌዴራል ደረጃ ወንጀል የሚያደርገው ረቂቅ በጥር 1922 በታችኛው ምክር ቤት ቢያልፍም በዚያው ዓመት መጨረሻ በላይኛው ምክር ቤት ታግዶ ቀረ። እንዲህ ያለው ሕግ የተፈረመው በ2022 ነው፤ መቶ ዓመት ቆይቶ። ቁጥሩ በ1922 አልጎደለም ነበር፤ ሥዕሉም አልጎደለም። የጎደለው ቁጥሩን ተሸክሞ ዳኛውን የሚያስገድድ የሕዝብ ኃይል ነበር።

ከዚህ ሁሉ ለመምህሩ፣ ለሠዓሊውና ለቀስቃሹ የሚተርፈው ምንድን ነው? በየትምህርት ቤቱና በየጽሕፈት ቤቱ ግድግዳ ላይ የሚሰቀሉ ገበታዎች ብዙ ናቸው። በኢትዮጵያ ሥዕልን በተርታ ከፋፍሎ ታሪክ መተረክ የቆየ ባህል ነው፤ የንግሥተ ሳባን ታሪክ በየሰሌዳው ከፍሎ የሚያቀርበውን የሸራ ሥዕል ማንበብ የማይችል ተመልካች የለም። ለእንዲህ ያለ ተመልካች ወደ ላይ የሚወጣ ቀስት ብቻ የያዘ ገበታ ባዶ ነው። ሊጠየቅ የሚገባው ቀስቱ ምን ያህል ወጣ የሚለው ብቻ አይደለም። ማን ቆጠረው? መስመሩ በወረደበት ቦታ ምክንያቱ ተጽፏል? በጥቅሉ ድምር ውስጥ የድሀው ገል ታይቷል? ያልታወቀው በጥያቄ ምልክት ተለይቷል? እነዚህን ጥያቄዎች የማይመልስ ገበታ ቀለሙ ቢያምርም ምስክር ሳይሆን ጌጥ ነው።

ዱቦይስ በነሐሴ 1963 በአክራ የጋና ዜጋ ሆኖ ዐረፈ፤ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በአዲስ አበባ ከተመሠረተ ሦስት ወር በኋላ መሆኑ ነው። ከተማሪዎቹ ጋር ያዘጋጃቸው ገበታዎች ያን ጊዜ በመዝገብ ቤት መሳቢያ ውስጥ ነበሩ። ዛሬ ወጥተው ሲታዩ የሚያስተምሩት የቀለም አመራረጥን ብቻ እንዳይሆን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የተቆጠረ ሕዝብ ራሱን መቁጠር ሲጀምር ምስክርነቱ ይታመናል፤ ምስክርነቱ ፍሬ የሚያፈራው ግን ያ ሕዝብ ከችሎቱ ደጅ ተነሥቶ በዳኝነቱም ወንበር ድርሻ ሲኖረው ነው። የዱቦይስ ገበታዎች የመጀመሪያውን በድንቅ ጥበብ ፈጽመዋል። ሁለተኛውን ማንም ገበታ ብቻውን ሊፈጽመው አይችልም።